የአራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ከረጢት ጠባቂ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ በሥራ ቦታቸው «ጋሽ ቁልፉ» የሚባሉት ወንድማችን፣ ከወፍጮ ቤት ዘበኛ አባታቸውና የሰው ልብስ አጥበው ካሳደጓቸው እናታቸው የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልብስ ማስጣት የእሳቸው ሥራ ነው። እናታቸው «እርጥብ ልብስ አጥፈህ እንዳላገኝህ» ይሏቸው ነበር፤ ወንድማችን ይህን ቃል እስኪሞቱ አልረሱትም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሱ በፖሊስ የማስረጃ ዕቃ ክፍል ተቀጠሩ። በሃያ ስምንት ዓመታቸው አንዲት ነርስ አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ከአንገታቸው ስለማያወርዱ ባለቤታቸው «ሲያቅፈኝ ይወጋኛል» እያሉ ይስቁ ነበር።

ወጣት ፖሊሶች ደም የነካ ልብስ እርጥቡን በፌስታል ጠቅልለው ሲያመጡ ይቆጡ ነበር። ፌስታል ውስጥ ደሙ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ደም የማን እንደሆነ አይለይም። እሳቸው አውጥተው በንጹሕ ወረቀት ላይ ያደርቁታል፤ በወረቀት ከረጢት አሽገው ቁጥር ይሰጡታል።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከአንዱ ፌስታል የእህታቸው ልጅ ቀሚስ ወጣ። ልጅቷ ከልብስ ስፌት ስትመለስ ድልድዩ ሥር ተገድላ ነበር። ቀሚሱን የገዙላት እሳቸው ናቸው። እንደሌላው ሁሉ በንጹሕ ወረቀት ላይ አደረቁት። አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው ከረጢት ሆነ። እጅጌው ላይ ያለው ደም የእሷ እንዳልሆነ በደም ዓይነቱ ታወቀ፤ የማን እንደሆነ የሚለየው ግን የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ለዚያ ማስኬጃ መንግሥት በጀት አልያዘም። የመመርመሪያው ማሽን ተገዝቶ ቢመጣም ላስቲኩ ሳይገፈፍ ተቀመጠ።

በየዓመቱ ደብዳቤ ጻፉ። በየዓመቱ «ለሚቀጥለው ዓመት ይታሰባል» ተባሉ። በነዚህ ዓመታት አንድ ጎረቤታችን መንገድ ላይ ባገኛቸው ቁጥር «ጋሼ፣ በጀቱ መጣ እንዴ?» ይላቸው ነበር። እኛ ለልጃችን አዝኖ መስሎን መረቅነው። እሳቸው ግን የጠየቀበትን ቀን ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። ሃያ ሰባት ጊዜ።

ባለፈው ዓመት በጀቱ ተፈቀደ። ምርመራው ከአሮጌው ከረጢት ጀምሮ በተራ ሄደ። የልጅቷ እናት፣ ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው፣ ቢሮአቸው ድረስ ሄዳ «ወንድም ጋሼ፣ የእኔን አስቀድምልኝ» ብላ ለመነች።

«ከፊትሽ ያሉትም እናት አላቸው» አሏት።

ትክክል እንደሆኑ እያወቀች ሰባት ወር አኮረፈቻቸው። እልኸኛ ናት። ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል ሲገቡ ግን ሄደች። ገና ከበሩ ሳትገባ «ስንተኛው ላይ ደረሱ?» አሏት።

«አራት መቶ አሥር።»

«እንግዲያው ኩርፊያሽም እያለቀ ነው» ብለው ሳቁ። ደብተሩን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጧት።

ባለፈው እሑድ ጠዋት አረፉ። በማግስቱ ከረጢቱ ተከፈተ። ቀሚሱ ደረቅ ነበር፤ ደሙ አልተበላሸም። የአንድ ወንድ ሆኖ ተገኘ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ ከደሙ ጋር የሚመሳከር ምራቅ ይሰጣሉ፤ ለዚያም በጀት አለ። ደብተሩ መርማሪው እጅ ነው።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ያ ጎረቤታችን ሣጥናቸውን ልሸከም ብሎ ከሁሉ ቀድሞ ጠይቋል። እህታቸው አልከለከለችም። ይሸከም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥበቃ በማያስፈልግበት ቦታ ያሳርፍልን። መውጫው በር ላይ የቆሙትን ሁለት ሰዎች የማታውቁ ብትኖሩ፣ የወንድማችን የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ከቀብር በኋላ ሁላችንም የምንወጣው በእነሱ በኩል ነው።