ሁሉም ሒሳብ ይወዳሉ

ሰኞ
ሁሉም ሒሳብ ይወዳሉ! ለማስተርስ ጥናቴ ተማሪዎቼን አንድ በአንድ ጠርቼ ድምፃቸውን እየቀዳሁ አናገርኳቸው። «ሒሳብ ለአገር ዕድገት መሠረት ስለሆነ በጣም እወደዋለሁ።» ታዲያ ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት የሚያስረክበኝ ማነው? አማካሪዬ «ቁጥሩን ተዪው፣ ለምን እንደሚሰለቹ ከአፋቸው ስሚ» ብለውኛል። ይኸው ሰማሁ።

ማክሰኞ
ከጎሮ መገናኛ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ቅጂውን ደግሜ አዳመጥኩት። የሁሉም መልስ ቃል በቃል አንድ ነው። ናታንን ጠርቼ አፋጠጥኩት፤ የአንድ ለአምስት ቡድን መሪ ነው። «ቲቸር፣ የቡድን ሥራ መስሎን መሪዎቹ ተወያይተን አጸደቅነው» አለኝ፣ ሳያፍር። መናደድም መሳቅም አማረኝ። ከየቡድኑ አንድ መልስ፣ በመሪው በኩል ብዬ ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ። የዘሩትን ማጨድ ይሉሻል ይኼ ነው።

ረቡዕ
ከተማሪዎቼ ያላናገርኩት ጫልቱን ብቻ ነው። ሰሞኑን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ትጠፋለች። ቀሪ የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር በዚህ ከቀጠለች ትባረራለች ብሏል። አምና ጎበዝ ነበረች፤ ምን ነካት?
ከትምህርት በኋላ እስከ አስፋልቱ አብሬያት ሄድኩ። መቅጃውን እንዳጠፋ ለመነችኝ፤ አጠፋሁት። ከዚያ ተናገረች፣ ፈጠን ፈጠን እያለች። የእሷ አሠራር ከቡድን መሪዋ ከናታን ሲለይ «ዝም በይ፣ ነጥብ ታስቀንሽብናለሽ» ይላታል። «ካልተናገርኩ ለምን እገባለሁ ቲቸር?» አለችኝ።

ሐሙስ
ዛሬ መሪ የለም፣ ሁሉም የራሱን አሠራር ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ያሳይ አልኩ። ናታን አኮረፈ። ርዕሰ መምህሩ ሰምተው «አደረጃጀት ልታፈርሺ ነው?» አሉኝ። የልጆቹን አፍ ነው የፈታሁት ብዬ ወጣሁ። ለጫልቱ እንድትመጣ በጓደኛዋ መልእክት ልኬላት ነበር። አልመጣችም። ቀኑን ሙሉ በሩን ሳይ ዋልኩ።

አርብ
መጣች! በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ለመውጣት እንዲመች ይመስለኛል። በመጨረሻ ግን እጇን አወጣች። ሰሌዳው ላይ መሐል ስትደርስ የመደመር ምልክቱን ሳተች። ናታን ሊያርማት ብድግ ሲል ምላሴን ነከስኩ። «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለችው ዞር ሳትል፣ የሳተችውንም በመዳፏ አጠፋች። ገና ስታስተካክል ተደወለ።
«ቲቸር፣ እንዳይጠፋብኝ። ሰኞ እጨርሰዋለሁ።»
ሰኞ አለች። አማካሪዬ ጋ የምወስደው ይኼንኑ ነው፣ ስሟን ቀይሬ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ቀጥሎ የሚገባው መምህር እንዳያጠፋባት የሰሌዳ ማጥፊያውን ዳስተር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ መጣሁ። አሁንም እዚሁ ነው፣ ቦርሳዬን ጠመኔ በጠመኔ አድርጎታል። ብቻ ትምጣ።