የገዛ ጤፌን እፍ ያልኩበት ምክንያት

ሸምሱዬ፣

ሰው ፊት «የሐያት አባት» እያልኩ ስጠራህ ኖሬ፣ «ሸምሱዬ» የምልህ ለብቻችን ስንሆን ነበር። አሁን ማን ሊሰማኝ ነው? እንደ ልቤ እጠራሃለሁ። ካንተ ከተለየሁ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። እኛ ደህና ነን። እኔም ከድካሙ በቀር ደህና ነኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ያ የምትወደው ሬዲዮ ድምፁ ጠፋ። ሐያት ጣይው ትለኛለች፤ እኔ እምቢ ብዬ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንተ በምትተኛበት በኩል ያፈስ የነበረው ቆርቆሮ ተቀየረ፤ አሁን አያፈስም፣ የሚበሰብስ ሰውም የለም። ሠፈሩ ይፈርሳል ይባላል። አንተ እያለህም ይባል ነበር፤ እኛም እንደ ድሮው ዕቃችንን ግማሹን አስረን ግማሹን ፈትተን ተቀምጠናል። ባቡሩ ሥራ ጀምሮ በሰባተኛ በኩል ያልፋል። «ሳልሳፈርበት አልሞትም» ስትል የነበረው ትዝ ይልሃል? አንድ እሑድ ሐያት ይዛኝ ሄደች። ሰው በሰው ላይ ነው፤ መቀመጫ የት ይገኛል! ያንተንም ድርሻ ቆሜ ሄድኩልህ።

ሐያት ኮሌጅ ገብታለች። ኮምፒውተር ነው የምትማረው፤ ስልኳ ከእጇ አይጠፋም። ቁመቷ ያንተ፣ ምላሷ የኔ ሆኗል።

ሱቁን እኔ ይዤዋለሁ። እህል በረንዳ ውስጥ ሴት ጤፍ ስትሸጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለሁለት ሰው የነበረን ሥራ ለብቻ መያዙ ነው የገደለኝ። ጠዋት መኪና ሲመጣ ከተሸካሚዎቹ ጋር እየተጯጯህኩ አስወርዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ከገዢ ጋር ስከራከር እውላለሁ። ማታ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቁጭ ስል፣ ሐያት የምትለኝን ግማሹን አልሰማም። አንተ የእግሬን እብጠት ገና በር ላይ ስገባ ነበር የምታየው።

ያቺን ቀን ላንሣብህ ነው፤ ካላነሣኋት የሚቀጥለው አይገባህም። ዙሁር ሰግደህ መጣህ፣ ምሳህን በላህ፣ እንደ ልማድህ ነጩ ማኛ ጤፍ ክምር ላይ ደገፍ አልክ። ዓይንህ ሲከደን አየሁ። ተሸካሚዎቹ ጆንያ ይዘው ሲገቡ «ቀስ በሉ፣ ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» አልኳቸው። እነሱም ትልልቅ ሰዎች፣ ያን ሁሉ ሸክም ይዘው በእግር ጣታቸው ሄዱልህ። የዐስር ሶላት እስኪደርስ ሰውን ሁሉ ዝም እያሰኘሁ ጠበቅኩህ። አልተነሣህም። ሐኪሙ ወዲያው ብትቀሰቅሺውም የሚለወጥ ነገር አልነበረም ብሎኛል፤ አምኜ ተቀብያለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሰው ለሐጅ ሲነሣ፣ አገር ቤት ደርሶ ሊመጣ ሲወጣ እንኳን አፉ ይባባላል። የበደልኩህ ካለ ይቅር በለኝ፣ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ ይባላል። እኛ ያን ያህል ዘመን አብረን በልተን፣ ተኳርፈን፣ ታርቀን፣ አፉ ሳንባባል ተለያየን። የጎደለኝ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ በሕልሜ ትመጣለህ። ግን ምን ዋጋ አለው! ሁልጊዜ ሱቅ ውስጥ ነን፣ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነን፣ እኔም መሞትህን አላውቅም። «ያን ጆንያ ወደ ውስጥ አስገባው» እልሃለሁ። «ሚዛኑ ተንጋዷል» እልሃለሁ። አንተ ትታዘዛለህ፣ እኔ እነቃለሁ። መሞትህ ትዝ የሚለኝ ያኔ ነው። በሕይወት እያለህ ያላዘዝኩህን ሁሉ ሞተህ አዘዝኩህ። ይባስ ብሎ ሕልሙም እየሳሳ መጣ። በኋላ በኋላ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ድምፅህ አይሰማኝም። አንድ ቀን ጭራሽ መምጣትህን ያቆምክ እንደሆነ አፉ የምባባለው ከማን ጋር ነው ብዬ ፈራሁ።

ይህን ለሐያት ነገርኳት። እሷም ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ «እማ፣ ሕልም ውስጥ ሆነሽ ሕልም መሆኑን ማወቅ ይቻላል እኮ፤ ሰው እየተማረ የሚለምደው ነገር ነው» አለችኝ። ሳቅኩባት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመከራ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ እንቅልፍ ልማር? ግን ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ኃጢአት እንዳይሆንብኝም ሰግቼ፣ ከሱቃችን ጎን የሚነግዱትን ሐጂ ኑሪን ስለ ሌላ ሰው የምጠይቅ መስዬ ጠየቅኳቸው። «የሞተን ሰው ጠርታ አታመጣው፤ ካመጣው አላህ ነው። ከመጣ ሰላም ብትለው ምን ሐራም አለው?» አሉኝ። እሳቸው እንደሆኑ የማይነቁበት ነገር የለም፤ ማንን እንደምል ገብቷቸው ነበር።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። ጠዋት ስነቃ፣ ሌላ ነገር ሳልናገር፣ ያየሁትን ሁሉ ለሐያት እነግራታለሁ፤ ሕልም ቶሎ ይጠፋልና። «ኸይር ነው» ትልና ትሰማኛለች። ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ትንሽ ቆይቶ መልሶ መተኛት ይረዳል አለችኝ። ይሄንስ ለሱብሒ እየተነሣን ስናደርገው ነው የኖርነው፤ ፈረንጅ አሁን ነው የደረሰበት። ዋናው ግን ቀን ቀን የሚሠራው ነው። እየደጋገምሽ «ይሄ ሕልም ነው ወይስ እውን?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፣ ጣትሽንም ቁጠሪ፤ በሕልም ጣት ይበዛል ወይ ያንሳል አለችኝ። ቀን የለመድሽውን ሕልም ውስጥም ታደርጊዋለሽ ነው ነገሩ።

ጣቴን ልቁጠር ብል አልሆነልኝም። እጄ ቀኑን ሙሉ የጆንያ አፍ ይዞ፣ መቼ ተገልጦ ይቆጠራል? በሕልሜ ሁልጊዜ ሱቅ ውስጥ ከሆንኩ፣ መፈተኛዬም የሱቅ ነገር ይሁን አልኩ። ጤፍ ገዢ እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ከትቶ፣ ከሥር ዘግኖ ያወጣና መዳፉ ላይ እፍ ይላል። ገለባው ይበርራል፣ ፍሬው ይቀራል፣ አፈር ካለም ይታያል። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሕልም ይህን ሁሉ አስተካክሎ መሥራት አይችልም ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ጀምሮ በዘገንኩ ቁጥር እፍ እላለሁ፣ «ሕልም ነው ወይስ እውን?» እላለሁ፣ መዳፌን አፍጥጬ አያለሁ።

ሻጭ በገዢ ፊት የራሱን ጤፍ እፍ እንደማይል ጭራሽ ዘነጋሁት! ያንንም ያስተማርከኝ አንተ ነበርክ። ሻጭ ጆንያውን ከፍቶ ዝም ነው፤ መጠርጠር የገዢ ሥራ ነው። እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡት ደንበኛችን እትዬ ብርቄ አንድ ቀን መጡ። ጆንያቸውን መርጠው ጨርሰው ሳሉ ዘግኜ እፍ አልኩ፣ ከንፈሬ እያንሾካሾከ መዳፌን በጭንቀት ትክ ብዬ አየሁ። እሳቸው እኔን ያያሉ። «ዛሬስ ይቅርብኝ» ብለው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ገዙ። ጤፍ ውስጥ ባዕድ ነገር ይቀላቀላል የሚባልበት ሰሞን ነበር፤ ወሬው ከኔ ቀድሞ በረንዳውን ዞረ። የሸምሱ ሚስት የገዛ ጤፏን አታምነውም ተባለ። ደንበኛ አንድ በአንድ እየራቀ፣ ተሸካሚዎቹ ክምሩ ላይ ሲያንቀላፉ ይውሉ ጀመር።

ሐጂ ኑሪ መጡና «አንቺ ሴት፣ የገዛ ጤፍሽን ምን አግኝተሽበት ነው? ይሄን እፍ እፍሽን ካልተውሽ እኛንም ይዘሽን ትጠፊያለሽ!» ብለው ተቆጡኝ። ምን ልበል? ሕልም ለመማር ነው ብል፣ አጭበርባሪ ከመባል እብድ መባል ሊመጣ ነው። ቢሆንም ደክሞኝ ነበር፤ ውሸት ለመፈለግም አቅም ይጠይቃል። እውነቱን ነገርኳቸው። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ቀጥለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እትዬ ብርቄ ቤት ድረስ በእግራቸው ሄደው አስረዱልኝ።

እትዬ ብርቄ በማግስቱ መጡ። እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ከተው ራሳቸው እፍ አሉና «ጤፉስ ጤፍ ነው» አሉ። አስጭነው ሲወጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ካገኘሽው ስለ የኔውም ባል ጠይቂልኝ» አሉኝ። እሳቸውም ባል ቀብረዋል ለካ። ያን ሁሉ ዓመት ጤፍ ስሸጥላቸው አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ እፍ የምለው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ገዢ በማያየኝ ቦታ ሆነ። ብዙ ቆይቶ፣ ሱብሒ ሰግጄ በተኛሁበት አንድ ማለዳ መጣህ። የጆንያ አፍ ትሰፋለህ። ዘግኜ እፍ አልኩ፤ ገለባው ከቦታው አልተነቃነቀም። «ሕልም ነው!» ብዬ በደስታ ጮህኩ። ጩኸቴ ነው የቀሰቀሰኝ። ሐያት ባትሪ ይዛ እላዬ ላይ ቆማለች። ደስ ሲልሽ ትነቂያለሽ፣ ተረጋጊ፣ የሆነ ነገር ጨብጠሽ ያዢ አለችኝ። ባሏን ላገኘች ሴት ተረጋጊ ይባላል? አኮረፍኳት። ከዚያ ወዲያ ስንት ጠዋት ባዶውን ነጋ። ይህም ሥራ ሆነብኝ፤ ሌላው ሰው የሚያርፍበትን እንቅልፍ እኔ እየለፋሁ አደርኩበት። ልተወው ነው ብዬ ለሐያት ነግሬያት ነበር።

ባለፈው ሰሞን ነው። ሕልሙ ውስጥ ቀን ነው፣ ከዙሁር በኋላ፣ ሱቁ ጭር ብሏል። እጄ ሳላዘው ዘገነ፣ እፍ አልኩ። ፍሬውም ገለባውም ከመዳፌ ተነሥቶ አየር ላይ ቆመ። አልጮህኩም። የጆንያውን አፍ በሁለት እጄ ጨብጬ ቀና ስል፣ አንተ ያቺን ግራጫ ኮትህን ለብሰህ፣ መርፌውን በከንፈርህ ይዘህ ቆመሃል። ሕልም መሆኑን አወቅኩ፣ መሞትህንም አወቅኩ። እንደ ፈራሁት አላመመኝም። ሐያት በዚህ ጊዜ የፈለጉትን ማድረግ ይቻላል፣ መብረርም ይቻላል ብላኛለች። እኔ የት ልበር? ወዳንተ መጣሁና አፉ በለኝ ልልህ አፌን ከፈትኩ።

አንተ መርፌውን ከከንፈርህ አወጣህ፣ እግሬን አየህ። አብጧል። ከዚያ ያን የማኛ ክምር፣ ያንተን ቦታ፣ በእጅህ መታ መታ አደረግከው።

ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ ሸምሱዬ? ያን ሁሉ ተምሬ፣ ደንበኛ አባርሬ፣ የበረንዳው መሳቂያ ሆኜ፣ ሄጄ ክምሩ ላይ ደገፍ አልኩ። ዓይኔን ከደንኩ። ሕልም ውስጥ ተኛሁ። ከደጅ የተሸካሚዎቹ ኮቴ ሲመጣ ይሰማኛል፣ መነሣት አለብኝ እላለሁ፣ ሰውነቴ እምቢ ይላል። ያኔ ድምፅህን ሰማሁት። ራሱን፣ ያንኑ ጎርነን ያለውን። «ቀስ በሉ፣ ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት» አልካቸው።

ስነቃ ፀሐይ ወጥቷል፤ ሐያት ሄዳ ሱቁን ከፍታለች። መጀመሪያ በራሴ ተናደድኩ። ያን ሁሉ የለፋሁለትን አፉ ሳልልህ ቀረሁ! ግን ከአልጋ ስወርድ እግሬ ቀሎኛል፤ ካንተ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ለሐያት ስነግራት እንደ ወትሮው አልጠየቀችኝም። «ኸይር ነው» አለች፣ አለቀሰች።

ትምህርቱን ትቼዋለሁ። በሕልሜ ሳልልህ የቀረሁትን ግን ይኸው እዚህ ላይ እልሃለሁ፤ አፉ በለኝ፣ እኔም አፉ ብዬሃለሁ። እትዬ ብርቄም ባላቸውን ሰላም በሉልኝ ብለዋል፤ ካገኘኸው ንገርልኝ።

አሁን ከዙሁር በኋላ ሱቁን ለሐጂ ኑሪ አደራ እልና ያንተ ቦታ ላይ ጥቂት ደገፍ እላለሁ። በሕልም ትመጣ እንደሆነ ብዬ አይደለም፤ ከመጣህ ግን ሥራ አላዝህም። ዓይኔን ስከድን ያን ድምፅህን አስታውሳለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አስታውሰዋለሁ። ተሸካሚዎቹም ማንም ሳይነግራቸው በእግር ጣታቸው ይሄዳሉ።

ሚስትህ ዘሀራ