አራቱ የዘክሪ ሉሆች

ሰኞ፣ ጁላይ 1
ዝናብ። የቤተ ሙከራችን መጋዘን የጎማ ሉህ አልቋል፤ የሚመጣው ሐሙስ ነው። የጨረር ቤት ተራችን ደግሞ ነገ። ተራው ካለፈን ሌላ ሳምንት መጠበቅ ነው... ከቤት አንድ ሉህ አመጣሁ። ባሌ ዘክሪ ከመሞቱ በፊት የጎማውን ወተት ከዛፍ ቀድቶ፣ አርግቶ፣ በጭስ ካደረቃቸው አራት ሉሆች አንዱን። ከፕላስቲኩ ጋር ዳመጥኩት፤ እንደ ስፖንጅ የሚያስነፋውን ዱቄት ጨመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ነካኝ?

ሐሙስ፣ ጁላይ 4
ከጨረር ተመልሶ ምድጃ ገባ። እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ አልተሰነጠቀም። ጨረሩ ጎማና ፕላስቲኩን እርስ በርስ ያስተሳስራል... ይህን የተማርኩት እዚሁ የጽዳት ሠራተኛ ሳለሁ ከቆሻሻ ቅርጫት ከለቀምኳቸው ወረቀቶች ነው። ስፖንጁ ትንሽ ጭስ ጭስ ሸተተኝ። ወይስ ስለናፈቀኝ?

ዓርብ፣ ጁላይ 5
ስፖንጁ ብረት ሥር ተጨፍልቆ አደረ። ስንለቀው ወደ ውፍረቱ ተመለሰ። አለቃዬ ዶክተር ሊው ሁለቴ ለካችው። ለስኳር ሕመምተኞች ጫማ ሁለት ዓመት የፈለግነው ይሄ ነው።
«እትዬ ሮሃያ፣ ምን ጨምረውበት ነው?»
«እንደ ሁልጊዜው ነው።» ውሸታም።

ዓርብ፣ ጁላይ 12
በመጋዘኑ ጎማ ደገምነው። ተጨፍልቆ ቀረ። ዶክተር ጥፋቱ የማሽኑ መስሏት ምሳ ሳትበላ መዳመጫውን ስትፈታ ዋለች። አላስቻለኝም፤ ነገርኳት።
መፍቻውን አስቀመጠች። ከዚያ... «አንድ ጊዜ የወጣ ውጤት አይባልም። ሦስቴ መደገም አለበት። ግን አልጠይቅዎትም።»
ያለኝም ሦስት።

እሑድ፣ ጁላይ 14
ሉሆቹን ምንጣፍ ላይ ዘረጋኋቸው። አንዱ ጥግ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ አለ፤ ሳይደርቅ ነክቶት። «ማን እንደሠራው ይታወቅ» ብሎኝ ነበር። ቃሉን አልረሳሁም። ድምፁ ግን... አይመጣልኝም።

ሰኞ፣ ጁላይ 15
ሦስቱንም ሰጠሁ። አሻራ ያለበትን መጨረሻ፣ በገዛ እጄ። መዳመጫው ወሰደው።

ዓርብ፣ ጁላይ 19
ሦስቱም ስፖንጆች ተጨፍልቀው አድረው ወደ ውፍረታቸው ተመለሱ።
«ባለቤትዎ እንዴት ነበር የሚያዘጋጁት?» አለችኝ ዶክተር።
አላውቅም። ስንት ቀን ጭስ ላይ እንደሚያቆየው፣ በምን እንጨት... ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። የሚያውቅ ታላቅ ወንድሙ ሙስታፋ ብቻ ነው። ከቀብሩ ወዲህ አራት ዓመት መንደሩን አልረገጥኩም። ደወልኩ።
«የከተማዋ እመቤት ስልክ መደወል ታውቃለች ለካ» አለ። የፈለግኩትን ነገርኩት።
«ላሳይሽ እችላለሁ። ግን ጭስ ቤቱ ዓይን አይምርም፤ ስታለቅሺ ነው የምትውይው።»
«እሱ ከሞተ እስከ ዛሬ አላለቀስኩም፣ ጋሼ።»
ድምፁ ለዘብ አለ።
«እንግዲያው ነገ ነይ። እንጨቱ ደርቋል።»