እሬቶቼ ላይ ያገኘሁት ሙጫ

ዲላ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 12 ቀን 1961 ዓ.ም.። ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ፀሐይ። ግቢዬ ውስጥ እኔና ጎረቤቴ አባባ ጅግሶ ብቻ ነበርን።

እሬቶቼና ቁልቋሎቼ ሙጫ በመሰለ ነገር ተለውሰው ሰነበቱ። ከላያቸው ባለው ዋንዛ ላይ የአባባ ጅግሶ ቀፎ ተሰቅሏል። የሚንጠባጠበው ማሩ መስሎኝ አውርዱልኝ አልኳቸው። ማር ሊቆረጥ ሲል ቀፎ ከተነካ ንቡ ጥሎ ይሄዳል። እሳቸው ግን ሳይቆጡ ሊያወርዱት መጡ።

ዛፉ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሙጫውን በጣታቸው ነክተው ቀመሱት። "የኔ ንብ እንዲህ ያለ ቀጭን ማር አይሠራም!" ብለው ሳቁ። ቅጠሉን ገልብጠው በጥፍራቸው ፋቁት። ቅርፊት የመሰለኝ ቡናማ ነጥብ ሁሉ ነፍሳት ኖሯል።

"ቅማል ነው፣ ልጄ። ቡናዬንም ይይዛል። የተክሉን ውሃ ይመጥጥና ጣፋጭ ይሸናል። ጉንዳኑ ለምን የሚመላለስ መሰለሽ?"

ጉንዳኑን በየቀኑ አየው ነበር። ከጋዜጣ ቁራጭ ስለ ተክል ስንቱን አንብቤ ቅጠል መገልበጥ አላሰብኩም። እንዴት ያለ ዓይን አላቸው! ንባቸውን ላሳጣቸው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት። የእያንዳንዱን ቅጠል ሥር በሳሙና ውሃ በጨርቅ አጠብኩ። ከዚያ ጨርቁን እንደያዝኩ ወደ እሳቸው ግቢ ገባሁና የቡናቸውን ቅጠል አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመርኩ።