ካቻቢቴው የሰማውን

ይድረስ ለአባዬ፤

እንዴት ከርመሃል አባዬ? ጉልበትህስ እንዴት ነው፤ ደረጃ ስትወጣ አሁንም እያቃሰትክ የሚደግፍህን ሰው ትቆጣለህ? ብርድ ሲነካው የሚነሣብህ የቀኝ ትከሻህ ተወህ ወይስ ባሰበት? እማዬ ደኅና ናት? ደም ብዛቷ ረገብ አለላት? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ ዛሬ ተሽሎኛል እያለች ኪኒኑን በመሐረብ ትቋጥራለች? እኔ ደኅና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ልልህ ነበር፤ ግን ዛሬ ልዋሽህ አልተቀመጥኩም።

ደብዳቤ የጻፍኩት እህቴ ባለፈው ሳምንት ነገሩን ስለነገረችኝ ነው። በደወልኩ ቁጥር ተኝቷል፣ ወጥቷል፣ እየታጠበ ነው ሲሉኝ ከርመዋል፤ እኔም ቢቀየመኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ እዘጋለሁ። ለካ ስልኩን ጆሮህ ላይ ቢያደርጉልህም ድምፄን አትሰማም። ግራው ፈጽሞ፣ ቀኙም ለስሙ ነው፣ ዓመት አልፎታል አለችኝ። እንዳትነግሩት ብለህ አስምለሃቸዋል አሉ። እሷን እንዳትቆጣት፤ ሆዷ አልችል ብሎ ነው። እንግዲህ መነጽርህን አድርግና ቀስ ብለህ አንብበኝ፤ ዐይኑ እንደ ድሮው ነው ብላኛለች።

ሥራ ቀይሬያለሁ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን መሸከሙ ቀርቶ የእሽቅድምድም መኪና ጎማ ፋቂ ሆኛለሁ። አትሳቅ። መኪናው ባለ አንድ ወንበር ነው፤ ሌላ ሰው ይቅርና የሹፌሩ ጃኬት እንኳ ማረፊያ የለውም። ጣራ የለው፣ በር የለው፣ ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ ተንጠልጥለዋል። ደግሞ ናፍጣም ቤንዚንም አይቀምስም፤ በባትሪ ነው የሚሮጠው። መጀመሪያ ቀን ሲያስገቡኝ ሞተሩን በዐይኔ ስፈልግ ስፈልግ አለቃችን ገባውና ከሹፌሩ ጀርባ ያለውን የባትሪ ሣጥን፣ ከሱም ኋላ አንድ ሐብሐብ የሚያህል ነገር አሳየኝ። ያ ነው ሞተሩ። አንተ ብታየው ይሄማ የውሃ ፓምፕ ነው፣ ዋናውን አምጡ ትል ነበር። ያ የውሃ ፓምፕ ሲነሣ ግን ሰው ትንፋሹን ሳይጨርስ ከዐይን ይጠፋል።

የኔ ሥራ ከመንገድ የተመለሰውን ጎማ በሙቅ አየር እያለሰለስኩ የተጣበቀበትን ጠጠርና የላስቲክ ቅሪት መፋቅ ነው። ውድድሩ ተራ የከተማ መንገድ ላይ ነው የሚካሄደው፤ መንገዱን በኮንክሪት አጥረው ይዘጉትና ትናንት አውቶቡስ የቆመበት መታጠፊያ ላይ መኪኖቹ ይፋተጋሉ። ፍጥነት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ሁሉም የሚነሡት እኩል ኃይል ይዘው ነው፤ እንደ ልቡ የረገጠ ከመጨረሻው መስመር በፊት ባዶውን ይቀራል። አለቃችን ሦስት ጊዜ አስረዳኝ፣ ሦስት ጊዜ ገባኝ አልኩ፣ አልገባኝም። በኋላ አንተ ትዝ ስትለኝ ገባኝ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንዳይግል በማርሽ ትይዘው አልነበር? እዚህም እንደዚያ ነው፤ ሹፌሩ እግሩን አንሥቶ መኪናው ራሱን ሲይዝ፣ ያ የያዘው ጉልበት ኤሌክትሪክ ሆኖ ወደ ባትሪው ይመለሳል። የኛ ሹፌር ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች፤ በዚህ ነገር የሚስተካከላት አልነበረም። ቋጣሪዋ ነበር የምንላት። እሷም ስትጠራ ወይ ትል ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ድምፁ ነው። እንደ ጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ሲጥ ይላል እንጂ አያጓራም። አጥሩ ጋ የቆሙ ሰዎች ሳይጮኹ ያወራሉ። ሞተሩ ስለማይጮህ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይሰማል፤ ጎማው ሲፋተግ፣ ጠጠር ሆዱን ሲመታው፣ የላላ ብሎን ሲንቀጫቀጭ ሳይቀር። አባዬ እዚህ ቢቆም ኖሮ አልኩ። ይህን ያልኩት የጆሮህን ነገር ከመስማቴ በፊት ነው።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። በአንድ ውድድር ዋዜማ፣ ዓርብ ጠዋት፣ መኪናውን በማንሻ ሰቅለው የኋላ ጎማዎቹን በዝግታ ያሽከረክሩ ነበር። እኔ አጠገቡ ጎማ እፍቃለሁ። ከሲጥታው ሥር አንድ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ረጅሙን ካቻቢቴ አነሣ፤ ጫፉን የጎማው መሐል ብረት ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ኋላ ካለው አጥንት ላይ፣ ልክ አንተ እንዳስተማርከኝ። ናፍጣ መኪና ላይ ያደገ ሰው ያለዚህ ምን ያውቃል! መኪናው ግንባር ላይ ግን ትንሽ መብራት አለች፤ አረንጓዴ ስትሆን ንካ፣ ቀይ ስትሆን አትጠጋ ማለት ነው፤ የሚገድል ኤሌክትሪክ አለበት። ይህንን አንብቤ ፈርሜያለሁ። መብራቷ ቀይ ነበረች።

የኤሌክትሪክ ጥንቃቄ ኃላፊዋ እንዲህ ላለው ቀን የምታስቀምጠው ጫፉ ቆልማማ ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ አላት። ቆልማማውን ወገቤ ላይ አጥልቃ ስትጎትተኝ የፋቅኳቸው ጎማዎች ክምር ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ። እናትህን ልታስለቅስ ነው የመጣኸው ብላ ጮኸችብኝ። እንዳልሞትኩ ሲረጋገጥ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አለቃችን ምን ስታደርግ ነው አለኝ፤ ምንም አልኩት።

ምንም አልነበረም እንዴ? በዚያች ቅጽበት ሰምቼዋለሁ አባዬ። ኩሽኔታ ሊሄድ ሲል አሸዋ ያኝካል ትል አልነበር? የቀኙ የኋላ ጎማ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አሸዋ ያኝክ ነበር። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠው መሐንዲስ ሁሉም ደኅና ነው አለ። ኮምፒውተሩ ካላየው እኔ ጎማ ፋቂው ምን አውቃለሁ ብዬ፣ ደግሞም ከተሳቀብኝ በኋላ ሌላ ሳቅ ፈርቼ፣ አፌን ዘጋሁ።

በማግስቱ ቋጣሪዋ ዘጠነኛ ሆና ተነሣች። ከፊት ያሉት ሲረግጡ እሷ ስትቆጥብ፣ እነሱ ሲደክሙ እሷ ስታልፍ፣ አራት ዙር ሲቀር ሦስተኛ ደረሰች። ከሁለቱ የበለጠ ኃይል ተርፏታል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ካልገባች ከዚያ ወዲያ ወንበሯ ለሌላ እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ማንም አልተቀመጠም፤ እኔም የጎማ መፋቂያዬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ሁለተኛውን ልትቀድመው ስትጠጋ ከቀኙ የኋላ ጎማ ጭስ ወጣ። መኪናዋ ቀስ እያለች ሄዳ አጥሩ ሥር ቆመች። እሷ ወርዳ ሄልሜቷን ሳታወልቅ ጎማውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ሰኞ ዕለት ዕቃዋን በአንድ ቦርሳ ይዛ ስትሰናበተን እኔንም ጎማዬን አሳምረህ ስለምትፍቅልኝ አመሰግናለሁ አለችኝ።

አለቃችን ጎማውን ሲፈታው ኩሽኔታው እንክትክት ብሏል። ዓርብ ሰምቼው ነበር አልኩት። አልጮኸብኝም። ታዲያ ለምን አልተናገርክም አለኝ። ኮምፒውተሩ ደኅና ነው ስላለ አልኩ። ይህንን አሰማም ከማን ተማርክ ሲለኝ ከአባቴ አልኩት። አባትህ አሁን የት ይሠራል አለኝ። ቤት ነው አልኩት። እንዲህ የሚሰማ ሰው ለምን ቤት ይቀመጣል ብሎ ጠየቀኝ።

ለሱ ያልነገርኩትን መልስ ላንተ ልናገር። ከትምህርት ቤት ያንን የመኪና መመርመሪያ ማሽን ታቅፌ የመጣሁ ሰሞን፣ ሹፌሩ ጥሩንባ ሚኒባሱን ወደ ጋራዣችን ያመጣበትን ማክሰኞ ታስታውሳለህ። አንተ ካቻቢቴህን አስደግፈህ ሰማህና የካምቢዮው ኩሽኔታ ነው፣ ዛሬውኑ ይውረድ አልክ። እኔ ማሽኔን ሰካሁ፤ ማሽኑ ምንም የለም አለ። በያጁ፣ ጎማ ሠሪው፣ ሹፌሮቹ ሁሉ ቆመው ያያሉ። ደረቴን ነፍቼ፣ አባዬ ጆሮህ አልቋል፣ ከእንግዲህ ለማሽኑ ተወው አልኩህ። ሳቁ። አንተ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠርገህ መሳቢያ ውስጥ አስገባህና ከዚያ ወዲያ አንድም ሞተር አልሰማህም። ዓመት ሳይሞላ ጋራዡን ለጎማ ሠሪው ለቀህ ቤት ገባህ። ሰው ሁሉ እርጅና ነው አለ።

አንተ የማታውቀው ይህንን ነው። በዘጠነኛው ቀን፣ እማዬን ሐኪም ቤት ይዘሃት በሄድክበት ጠዋት፣ ጥሩንባ ሚኒባሱን በገመድ አስጎትቶ መጣ። ካምቢዮውን ብቻዬን አወረድኩት። ኩሽኔታው ደቅቋል። አንተ ያልከው ነበር፤ አንዲት ነገር ሳትጨምር ሳትቀንስ። አዲስ ገጠምኩ፤ አሮጌውን ቦይ ውስጥ ወረወርኩና ጥሩንባን ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት። አፉ እንደ ቅጽል ስሙ ነው ይባላል፤ ይህችን ግን ጠበቀልኝ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ገበታ አብሬህ በላሁ፤ አንተ ጆሮዬ ከዳኝ ብለህ ስትቀመጥ እያየሁህ፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ያኔ ጆሮህ ደኅና ነበር አባዬ። ያኔ ብነግርህ ትሰማኝ ነበር። አሁን እውነቱን ልናገር ስነሣ ጆሮህ የለም፤ ይኸው በወረቀት እጮህልሃለሁ። ዋሽቼ ያልኩት እውነት ሆኖ መጣ፤ ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

አሁን በየውድድሩ ዋዜማ፣ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ መብራቷ አረንጓዴ ከሆነች በኋላ፣ ጎማውን በእጅ ያዞሩልኝና እኔ እሰማለሁ። ኃላፊዋ ግን ዘንጓን ይዛ ከጀርባዬ አትጠፋም፤ አንተን አላምንህም ትለኛለች። ጆሮው የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል። በጠሩኝ ቁጥር ያሳፍረኛል፤ ስሙ ያንተ ነው።

ማረኝ ማለት ለኔ ቀላል ነው፤ መማሩ ላንተ ይከብድ ይሆናል፣ አላጣድፍህም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። በያጁ ብረት ሲሞርድ ጋራዡ ውስጥ ምንም አልሰማ ሲል የካቻቢቴውን እጀታ በጥርስህ ነክሰህ፣ ዐይንህን ጨፍነህ ታዳምጥ ነበር። አጥንትም ይሰማል ትለኝ ነበር። የእንጨት እጀታው ላይ የጥርስህ ምልክት አለ፤ ጎማ ሠሪው መሳቢያውን እንዳልነካው እህቴ አይታለች። አንድ ቀን ክንዷን ይዘህ ሂድና ቆሞ ሞተሩ በተነሣ መኪና ላይ ሞክረው። ላይሰማህ ይችላል። ከተሰማህ ግን ምን እንዳለህ ጻፍልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖልኛል በላት። እህቴን ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ፤ ልጇ አሁንም አያቱን መኪና አድርጎ ጀርባህ ላይ ወጥቶ የሚነዳ ከሆነ ፍሬን ያስተምሩት። የቤት አከራይዋን እትዬን ሰላም በሉልኝ፤ የሰበርኩት መስኮት ትዝ ይለኛል። በያጁንና ጎማ ሠሪውን ሰላም በሏቸው። ጥሩንባን ደግሞ እህቴ ራሷ ሄዳ ታግኝልኝ። ወንድሜ፣ ያስማልኩህን መሐላ አንሥቼልሃለሁ ብሎሃል ትበለው። ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ ያን ቀን የሳቁት ሁሉ ባሉበት፣ ካምቢዮው ሲወርድ ምን እንደተገኘ ይናገር። ጮክ ብሎ ይናገር፤ አንተ ባትሰማው እነሱ ይስሙ።

በደለኛው ልጅህ

ከጎማ ማከማቻው ክፍል
እሑድ፣ ሚያዝያ 19 ቀን