ስለ ሰማያዊዎቹ ፖስታዎችና በሰማይ ስለ ቀረው ፊልም

ለክቡር ሚስተር ዴክስተር ቫንሲክል
የብሉ ሄረን ፊልም አከራይ ድርጅት ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ጠበቆችዎም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ጠበቆችዎ ባለፈው ሰኔ በጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ ብዙ ስለ ደከሙ ዕረፍት ሳያስፈልጋቸው አልቀረም። እኛ በምሥራቅ ኬንታኪ፣ በፓውፓው ሸለቆ ያለነው ደህና ነን፤ ባቄላው ደርሷል፣ ወንዙም ዘንድሮ አጥራችንን አልተሻገረም። ደብዳቤውን ለብቻዎ ልኬ ዝም ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ቢሮዎ ስደውል ሙዚቃ ብቻ ስለሚያሰሙኝ፣ በአውራጃችን ጋዜጣ ባወጣው ቢያንስ ጎረቤቶቼ ያነቡታል ብዬ ነው።

ኦፓል ጌይሃርት እባላለሁ፤ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሳበስል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ በርል የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ከዓመታት በፊት ሐኪሞች ከጉሮሮው ካንሰር ሲያወጡ ድምፁንም አብረው ስላወጡት፣ ከዚያ ወዲህ የሚያናግረን በእጁና በቅንድቡ ነው። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልን አይደለም፤ የልመና ደብዳቤ መጻፍ ብፈልግ ኖሮ ልቡ የሚራራ ሰው መርጬ እጽፍ ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ደጉ ዘመን ላመስግንዎ። ያኔ የምንፈልጋቸውን ፊልሞች ጽፈን እንልክልዎና፣ እርስዎም ወፍ በተሳለባት ሰማያዊ ፖስታ ዲስኩን ይልኩልን ነበር። ፖስተኛችን ዋንዳ ከመታጠፊያው ጀምራ የመኪናዋን ጥሩንባ እየነፋች፣ «ኦፓል! ወፊቱ መጣችልሽ!» ስትል ሸለቆው ሁሉ ይሰማታል። እኛ ካየነው በኋላ ዲስኩ ወንዙን ተሻግሮ የበርል እህት ቬርና ዘንድ ይሄዳል፤ ከቬርና ወደ ቄሱ፣ ከቄሱ ደግሞ ከተራራው ሥር ወዳለው የመጨረሻ ቤት፣ ወደ ኢስቲል ስሎን ይወጣል። ሲመለስ በዚያችው ፖስታ ከትተን፣ የፖስታ ሳጥናችንን ቀይ ባንዲራ አንስተን ወደ ሥራችን እንገባለን። ዋንዳም የሚላክ ነገር እንዳለ ከባንዲራው አውቃ ፖስታውን ትወስዳለች። የይለፍ ቃል የጠየቀን አልነበረም፤ ዲስኩም የማን ቤት እንደ ገባ ለማንም አልተናገረም።

ኢስቲል መዋስ እንጂ መመለስ የማያውቅ ሰው መሆኑን እዚህ ላይ መጥቀስ አለብኝ። ወንዙ ሞልቶ ከጎረፈበት ዓመት በፊት የወሰደው መሰላሌ እስከ ዛሬ የእሱን ጣሪያ ተደግፎ ቆሟል።

ካከራዩን ፊልሞች መካከል አንዱ እዚሁ ሸለቆ ውስጥ የተሠራ ነው። በርል ወጣት ሳለ የፊልም ሰዎች መጥተው ስለ ድሮው የማዕድን አድማ ሲቀርጹ የመንደሩን ሰው ራሱን አሠርተውታል፤ ለበርልም አንድ ንግግር ሰጡት። የማዕድን ኩባንያው ዘበኛ ጠመንጃውን ይዞ መጥቶ የሚፈለገውን ሰው የት እንደ ደበቀ ሲጠይቀው፣ በርል መቃኑን ተደግፎ «ግባና ፈልገው» ይለዋል። በቃ፣ ያ ነው። የባሌ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እዚያ ፊልም ውስጥ ብቻ ነው፤ የፊልሙ ባለቤት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ በየዓመቱ በግንቦት፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የሙታኖቻችንን መቃብር በምናርምበትና በአበባ በምናስጌጥበት ቀን፣ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ያንን ፊልም ማየት ልማዳችን ሆነ።

ካቻምና መስከረም ላይ ግን «ታላቅ የምሥራች» የሚል ደብዳቤ ላኩልን። በፖስታ ማከራየት ቀርቷል፤ ፊልሞቹ ሁሉ ከእንግዲህ በኢንተርኔት ይወርዳሉ፤ በእጃችሁ ያሉትን ዲስኮች መልሱ የሚል ነበር። ማንም ሰበብ እንዳያገኝ ብለውም ለያንዳንዱ ደንበኛ የመመለሻ ፖስታ በእስር በእስር ላኩ። በአውራጃችን የእርስዎ ሰማያዊ ፖስታ ያልታጨቀበት መሳቢያ የለም። ለዚህ ልግስናዎ ወደ ኋላ ላይ በሰፊው አመሰግንዎታለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። ደብዳቤዎ «በቅጽበት» ይል ነበር። በእኛ ሸለቆ ዝናብ ሲጥል መስመሩ እንደ ጉንፋናም ሰው ሲያስል ውሎ ማታ ላይ ይሞታል። ስለዚህ ፊልም ማውረድ የፈለገ ሁሉ ከተማ ወርዶ በቤተ መጻሕፍቱ መኪና ማቆሚያ ይሰለፋል። እኔና በርልም ፒክአፓችን ውስጥ ሳንድዊች ይዘን ተቀመጥን፤ ግራና ቀኝ ባሉት መኪኖች ውስጥ ጎረቤቶቻችን ፊታቸው ከመስታወቱ ጀርባ ሰማያዊ ሆኖ በየኮምፒውተራቸው ላይ የምትሽከረከር ክብ ያያሉ። «በመጫን ላይ ነው፤ እባክዎ ይጠብቁ» ትላለች ክቧ። ዋንዳ ፊልሙን ደጃፌ ድረስ ታመጣልኝ ነበር፤ እርስዎ ግን እኛ ወደ ፊልሙ እንድንሄድ አደረጉና ዕድገት ብለው ጠሩት።

ሁለተኛ፤ ቤተሰቤን ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ። ቬርና በእኔ የይለፍ ቃል አንድ ፊልም ልትከፍት ስትሞክር ድርጅትዎ «ይህ መሣሪያ ከቤተሰብዎ ውጭ ያለ ይመስላል» ብሎ ዘጋባት። ቬርና በርል ከሆስፒታል ሲወጣ እንደ ሕፃን በሾርባ ያሳደገችው እህቱ ናት፤ ከቤቷ ደጅ የእኔ ኩሽና ይታያል። «ኦፓል፣ እስቲ ጠይቂልኝ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ባዳ የሆንኩት?» ብላኛለችና፣ ጊዜ ሲኖርዎ ቀኑን ቢገልጹልን ደስ ይለናል።

ሦስተኛው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ያንን የበርልን ፊልም «ግዛ» የሚለውን ተጭኜ ገዛሁት። ልብ ይበሉ፣ ቁልፉ ላይ የተጻፈው «ተዋስ» ወይም «እስኪያሰኘን ድረስ እይ» አይልም። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተቀምጠን አወረድነው፤ በርልም ወርዶ ሲያልቅ የኮምፒውተሩን ጀርባ እንደ ደህና በሬ መታ መታ አደረገው። ግንቦት ደረሰ። ልጃችን ከኦሃዮ ልጇን ማኬናን ይዛ መጣች። ማኬና የአያቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ ከመንገድ ጀምራ «ዛሬ አያቴ ያወራል!» እያለች ለነዳጅ ቀጂው ሳይቀር ስትናገር ነበር የመጣችው።

መቃብሩን አርመን፣ አበባውን አኑረን፣ ምሳችንን ሣሩ ላይ በልተን፣ ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፊልሙን ስንከፍተው ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር ካልተያያዘ አላሳይም አለ። እኛም ታዛዦች ነንና ከቄሱ ቢሮ ሽቦ ስበን አያያዝነው። በተያያዘ ጊዜ ፊልሙ ከዓይናችን ጠፋና ይህ ጽሑፍ መጣ፦ «ይህ ፊልም በእርስዎ አካባቢ አይገኝም።»

በእኛ አካባቢ፣ ክቡርነትዎ! ፊልሙ ውስጥ ያለው ተራራ ከአዳራሹ መስኮት እየታየ!

«አሁን ነው የሚያወራው?» አለች ማኬና። «እኮ መቼ ነው የሚያወራው?» አለች ደግማ። በርል ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተናድጄብዎት ብቻ ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ቂም ያዝኩብዎ፤ ቂሜም እስከ ዛሬ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል።

ከዚያው አዳራሽ ወደ ቢሮዎ ስልክ ደወልኩ። ሙዚቃው ሲያልቅ አንድ ትሑት ወጣት አነሳ።

«ወይዘሮ ጌይሃርት፣ የገዙት እኮ ፊልሙን አይደለም፤ የማየት ፈቃዱን ነው።»

«ፈቃዱስ የት ሄደ?»

«ተሰርዟል። ብዙ ተመልካች የለውም ተብሎ ከዝርዝሩ ወጥቷል።»

«እዚህ አዳራሽ ሙሉ ተመልካች ቁጭ ብሏል እኮ፣ ልጄ!»

«እባክዎ መስመር ላይ ይቆዩኝ» አለና ሙዚቃው ተመለሰ። ፊልሞቻችሁ ደመና ላይ ተቀምጠዋል ሲሉን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ለካ ይህ ኖሯል።

ይህን ጊዜ ነበር ኢስቲል ስሎን ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ወደ እኔ የመጣው።

«ኦፓል፣ እንዳትቆጪኝ ብቻ። መኪናዬ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ፖስታ ከነፊልሟ ሳትኖር አትቀርም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ዛሬ ነገ ስል ነው እኮ!»

ኢስቲልን በሕይወቴ ስሜው አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሳምኩት። የሰንበት ትምህርት ቤቱን አሮጌ ማጫወቻ አቧራውን አራግፈን ዲስኩን ከተትንበት። የይለፍ ቃል አልጠየቀም፤ አካባቢያችንንም አላጣራም። ቬርና ወጥታ ወንድሟን ከደጅ ጎትታ አስገባችው። ያ ዘበኛ ጠመንጃውን ይዞ መጣ፤ ጠየቀም፤ የሃያ ዓመቱ በርልም መቃኑን ተደግፎ ያቺን ቃል ተናገረ። ሽማግሌው በርል ከኋላ ወንበር ላይ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ አላት። ማኬና ወንበሯ ላይ ቆማ «አያቴ! ድምፅህ ደስ ሲል! ድገሙት!» አለች። ደገምነው። ቃሏን እሷ ራሷ በአያቷ ድምፅ እስክትናገር ድረስ ደጋገምነው። እኔ አለቀስኩ፤ ይህንንም ለመደበቅ አልሞክርም።

አራተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ጠበቆችዎ ደብዳቤ ነው። ብዙ ተመልካች የለውም ያሉትን ፊልም አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማሳየት ጠይቆዎት፣ በዚያው ምሽትም እርስዎ «የተረሱ ድምፆችን ስለ መንከባከብ» ንግግር እንደሚያደርጉ፣ መጋዘንዎ ሲፈተሽ ግን ሌሎቹ ቅጂዎች ሁሉ፣ ደመናው ላይ የነበረው ሳይቀር፣ መወገዳቸውና ብቸኛው ዲስክ በእኔ ስም ሳይመለስ የቀረው መሆኑ እንደ ተደረሰበት ከደብዳቤው ተረዳሁ። ዲስኩን «በድርጅቱ የመመለሻ ፖስታ ብቻ» በአስቸኳይ እንድመልስ፣ እምቢ ካልኩ ግን በፍርድ ቤት እንደምጠየቅ ገልጸውልኛል። ደመናዎ ላይ ይፈልጉት ብዬ ልመልስልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሕግ አክባሪ ሰው ስለሆንኩ ትእዛዝዎን ለመፈጸም ወሰንኩ።

የድርጅቱን የመመለሻ ፖስታ ለማግኘትም አልተቸገርኩም። ከላይ እንደ ጠቀስኩት ልግስናዎ በየመሳቢያው ነው። በየፖስታው ፊት ላይም የመላኪያው ክፍያ በተቀባዩ እንደሚሸፈን በራስዎ ቃል ታትሟል። የአውራጃው ሰው ያለውን ይዞ ወደ አዳራሹ መጣ፤ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹም ዓሣ ጠብሰው አበሉን። ከሙዝ ካርቶንና ከኮርንፍሌክስ ሳጥን፣ ልክ በዲስኩ መጠን፣ መሐላቸው የተበሳ ክብ ካርቶኖች ቆረጥን። ማኬና ለክረምት ዕረፍቷ እኛ ጋ ስለ ነበረች ሥዕሉን ለእሷ ሰጠናት፤ በያንዳንዱ ካርቶን ላይ ያቺን የምትሽከረከር ክብ ሳለችና ከሥሯ «በመጫን ላይ ነው፤ እባክዎ ይጠብቁ» ብላ ጻፈች። እጇ ሲደክም ቬርና ተካቻት፤ ባዳም ብትሆን ጽሕፈቷ ያምራል። ካርቶኖቹንም አንድ በአንድ በሰማያዊዎቹ ፖስታዎች ከትተን አሸግናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከወንዙ እስከ ኢስቲል ቤት ድረስ ያሉት የፖስታ ሳጥኖች ሁሉ ቀይ ባንዲራቸውን አንስተው ነበር። ዋንዳ መኪናዋን አቁማ ረጅም ጊዜ ስታያቸው ቆየች። «ክፍያ በተቀባዩ ይላል፤ እኔ ምን አገባኝ!» አለችና ጥሩንባዋን እየነፋች ፖስታውን ሁሉ ጫነችው። የጎረቤት አውራጃዎችም ወሬውን ሰምተው መሳቢያቸውን መፈተሽ ስለ ጀመሩ ጭነቱ በዚህ አያበቃም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ንብረትዎ በታዘዘው ፖስታ፣ በታዘዘው መንገድ እየመጣልዎ ሊሆን ይችላል። የዩኒቨርሲቲው ምሽት እየቀረበ መሆኑን ስለማውቅ እጅግ አዝናለሁ። ፖስታዎቹን አንድ በአንድ በእጅ መክፈት አድካሚ ነው፤ በማሽን እንዳይከፍቱ ግን አደራ፣ ካሉት ቅጂዎች ሁሉ የቀረው ዲስክ እሱ ብቻ ነውና ቢጫር ምትክ የለውም።

ፊልሞቻችንን ወደ ሰማይ ላሳረጉልን፣ ዘመዶቻችንን ለቆጠሩልን፣ ስለ ተረሱ ድምፆችም ሌሊት እንቅልፍ ለሚያጡልን ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ሰፊ ጠረጴዛንና የተሳለ ፖስታ መክፈቻን እየተመኘሁ፣ በተመልካች ማነስ ከዝርዝርዎ የተሰረዝኩ ደንበኛዎ፣

ኦፓል ጌይሃርት
ፓውፓው ሸለቆ፣ ኬንታኪ
(በእርስዎ አካባቢ የማይገኝ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ጠበቃዎ ትናንት ደውለው ዲስኩ በእርግጥ ከፖስታዎቹ በአንዱ ውስጥ ገብቶ እንደ ሆነ ወይም እዚሁ እኛ ቤት ቀርቶ እንደ ሆነ በግልጽ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። እኔ የሰው ንብረት ነገር ላይ አልናገርም ብዬ ጥያቄውን ለባለቤቴ አስተላለፍኩት። በርል እንደሚያውቁት ድምፅ የለውም፤ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ የተዋስነውን ማጫወቻ ከፈተና የስልኩን እጀታ ወደ ድምፁ አስጠጋላቸው። ጠበቃዎ በትክክል ሰምተውት ከሆነ መልሱ «ግባና ፈልገው» የሚል ነው።