በኑርሁሴን ዱዓ ላይ ኦርጋን ለደረባችሁልን

ለተከበሩ አቶ ይሄነው
የመካነ ሰላም የድሮ ምስሎች ማደሻ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

አሰላሙ አለይኩም፤ በእናንተም ወግ ጤና ይስጥልኝ። ከነቤተሰብዎ፣ ከነወንበርዎ፣ ደጅዎ በመጣሁ ቁጥር ገብተውበታል ከምባለው ከዚያ የማያልቅ ስብሰባዎ ጋር ጭምር እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማድረጌም በርዎ ላይ ቆሜ ዘበኛዎን ከማስቸግር ብዬ ነውና እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ፈዲላ እባላለሁ፤ ገበያው ዳር ጨርቅ የምሸጠው። ልጄ ሀይፋ ተወልዳ ስም ወጥቶላት፣ የዐቂቃዋ በግ የታረደ ዕለት ወንድሜ አሕመድኑር ከጅዳ ባመጣው ካሜራ ቀርጾን ነበር። ባለቤቴ ኑርሁሴን መዳፉን ዘርግቶ ለልጁ ረጅም ዱዓ አደረገ፤ ቤት ሙሉ ሰው አሚን አለ። ክረምቱ ሳይወጣ ኑርሁሴን ወደ አኼራ ሄደ። ድምፁ የቀረው እዚያ ካሴት ውስጥ ብቻ ነው። ዘንድሮ ሀይፋ አድጋ፣ የከላላ ልጅ ጠይቋት፣ ከዒድ በኋላ ኒካሗ ይታሰራል። ታዲያ “እማ፣ ያን ቀን አሚን ያላልኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከኒካሑ በፊት አባቴን ሰምቼ አሚን ልበል” አለችኝ። ዱዓ አሚን እንጂ ቀን አይጠይቅም ብዬ እሺ አልኳት።

የእኛ ዴክ ካሴት መብላት ጀምሮ ስለነበር፣ እናንተ በድምፅ ማጉያ “የድሮ ካሴት እየሻገተ ነው፣ አምጡ፣ ወደ ሲዲ ገልብጠን ሁለቱንም እንመልሳለን” እያላችሁ ስትዞሩ ደስታዬን አልቻልኩትም። በሻሽ ጠቅልዬ ያመጣሁላችሁ ለዚህ ነው። ስለ ዋላችሁልኝ ውለታ እንግዲህ በተራ ላመስግን፦

1ኛ. ባለቤቴን ዝም ስላሰኛችሁልኝ። ሲዲውን ጎረቤት ጠርተን ከፈትነው። ኑርሁሴን ብቅ አለ፤ መዳፉን ዘረጋ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ኦርጋን መጣ። ትከሻ የሚያስመታ ኦርጋን! ስማቸው የሚባለውን የኮምፒውተር ባለሙያችሁን ሄጄ ብጠይቀው “እትዬ ፈዲላ፣ ድምፁ እኮ ‘ሽሽሽ’ ይል ነበር፤ እኛ ሠርጉም ልደቱም ላይ ዘፈን እንደርብበታለን፣ ያምራል” አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ የለመደውን ነው የሠራ፤ ብቻ ከዚያ “ሽሽሽ” ሥር ባሌ ነበረ።

2ኛ. ስለ ጌጡ። በጉ ሲታረድ ከሰማይ ቀይ የልብ ሥዕል ይዘንብበታል። ስም ያወጡላት ሸህ ሀቢቡላህ ከጽጌረዳ መሀል እንደ ሙሽራ ብቅ ይላሉ፤ ደግሞ ከዘፈኑ ጋር እንዲስማሙ ተብሎ ነው መሰል ምስሉ ተፋጥኖ ምርኩዛቸውን ይዘው ይሮጣሉ። በዕድሜያቸው ሮጠው የማያውቁ ሰው! እውነቱን ልንገርዎ፣ ሳቅ አመለጠኝ። ሀይፋ ግን አልሳቀችም፤ ተነሥታ ወጣች።

3ኛ. ስለ ካሴቱ ማረፊያ። “ሁለቱንም እንመልሳለን” ብላችሁ ስለነበር ካሴቴን ብጠይቅ፣ በንብረት ተመዝግቧል፣ ሲዲ ስለ ወሰድሽ አሮጌው በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ከሌላው ጋር ተቃጥሎ ይወገዳል ተባልኩ። ዘበኛው ጋሽ አራጋው አዝነውልኝ በመስኮት አሳዩኝ፤ ካሴቶቹ የታጨቁበት ካርቶን ጣሪያው የሚያፈስበት ጥግ፣ ከአሮጌ የመፈክር ጨርቅ ሥር ርሶ አብጧል። እኔ ቤት ሣጥን ውስጥ ደርቆ የኖረውን ካሴት ከሻጋታ ልናድንልሽ ብላችሁ ወስዳችሁ፣ ከሻጋታ ጋር ስላስተዋወቃችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ እናንተንም አልወቅስበትም። ካሴቱ ይይዝልኛል ብዬ እኔ ቃሉን አልያዝኩትም። “ያ ረቢ፣ ይችን ልጅ ከሰው ደጅ” ብሎ ይጀምራል። “አታቁምብኝ” ይሁን “አታርቅብኝ” ተምታቶብኛል። ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም፤ አንደኛው ለማኝ አትሁን ነው፣ ሌላው ብቻዋን አትቅር ነው። ሀይፋ “ምን ነበር ያለው?” ስትለኝ አንዱን መርጬ ለመንገር አፌ ድረስ እየመጣ እመልሰዋለሁ። በሟች አፍ ዱዓ ፈጥሮ ማስገባት ይከብዳል፤ ልጂቱም አሚን የምትለው ለአባቷ እንጂ ለእኔ ግምት አይደለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ካሴቱን ከነሻጋታው ይመልሱልኝ። ደሴ የካሴት ክር አጥቦ የሚያድን ሰው አለ ተብያለሁ፤ አሕመድኑር ይዞት ሊሄድ ልብሱን ለብሶ ይጠብቃል። ሲዲውን በምትኩ እመልስላችኋለሁ፤ ለማንም ልደት ይሆናል።

በአላህም በሰውም ፊት መልካም ስም፣ ለቢሮዎ የማያፈስ ጣሪያ፣ ለስብሰባዎ ማለቂያ እየተመኘሁ፣ ደጅዎን ስጠና እግሬ የደነዘዘ አክባሪዎ፣

ፈዲላ
የኑርሁሴን ሚስት፣ የሀይፋ እናት
መካነ ሰላም፣ ሰኔ 2004 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ ኑርሁሴን ዱዓ ሲያደርግ ከቤቱ ሰው ሁሉ በላይ “አሚን! እመብርሃን ታሳድጋት!” የሚሉት ሴት ሕፃኗን ታቅፈው የተቀመጡት አዋላጄ ናቸው፤ እናትዎ እትዬ ብዙዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ሲዲው ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው ያው ኦርጋን ነው። በከተማው በዓል በትልቁ መጋረጃ ስታሳዩት፣ እርስዎ ከፊት ተቀምጠው በዘፈኑ ሲያጨበጭቡ አይቼዎታለሁ። እንግዲህ ይቃጠል ብለው ከመፈረምዎ በፊት፣ የእናትዎ ድምፅ ሌላ ቦታ የተቀመጠ መሆኑን ቢያረጋግጡ ምን ይመስልዎታል?